ጋሪው ከተፈታ በኋላ፦ ጡረታ የወጡ የእሽቅድድም ፈረሶችን ለአዲስ ቤት የሚያበቁ ማኅበራት ታሪክ

1. አሥራ አምስተኛው ዓመት

ዲሴምበር 31 ቀን 2018 በኦሃዮ ግዛት፣ ኖርዝፊልድ ፓርክ በሚባለው የእሽቅድድም ሜዳ፣ ፎይልድ አጌን የተባለ ፈረስ ለመጨረሻ ጊዜ ጋሪ ስቦ ሮጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዕድሜው 331 ጊዜ ለውድድር ቀርቦ 109 ጊዜ አሸንፏል፤ ለባለቤቶቹም ከ7.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ከዝርያው ይህን ያህል ገንዘብ ያስገኘ ፈረስ ከእሱ በፊት አልነበረም። እንዲያቆም ያስገደደው ደንቡ ነው። በአሜሪካ የእሽቅድድም ፈረስ ሁሉ ልደቱ ጃንዋሪ 1 ቀን ሆኖ ይቆጠራል፤ ጋሪ የሚስብ ፈረስ ደግሞ 15 ዓመት ከሞላው ውርርድ ባለበት ሜዳ አይሮጥም። ፎይልድ አጌን በማግስቱ 15 ሞላው።

እንዲህ ያለ ስመ ጥር ፈረስ ማደሪያ አያጣም። ጭንቁ ስሙን ማንም በማያውቀው ፈረስ ላይ ነው። አንዱ በአራት ዓመቱ ጅማቱ ይጎዳል፤ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ፍጥነቱ ለውድድር አይበቃም፤ አንዷ ባዝራ ደግሞ ለእርባታ የሚፈልጋት ታጣለች። በደህና የተያዘ ፈረስ 25፣ አልፎም 30 ዓመት ሊኖር ይችላል። እስከ ዕድሜ ገደቡ የሮጠው እንኳ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይተርፈዋል፤ በአራት ዓመቱ የወጣው ሃያ ዓመት ይቀረዋል። ያን ሁሉ ዘመን ድርቆሽ የሚያቀርብለት፣ ኮቴውን የሚያስተካክልለት፣ ሲታመም ሐኪም የሚጠራለት ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈለግ አንድ ራሱን የቻለ የተቋም ዓይነት ተፈጠረ። ይህ ጽሑፍ የሚተርከው የእነዚያን ማኅበራት አመጣጥና አሠራር ነው።

2. ሰጋርና ሶምሶማ

የዝርያው ስም ስታንዳርድብሬድ ነው። የዘር ሐረጉ በ1788 ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ከተሻገረው ሜሴንጀር ከተባለ ድንጉላ ይነሳል። የዛሬዎቹ ፈረሶች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚቆጠሩት በ1849 በኒው ዮርክ ግዛት ኦሬንጅ ካውንቲ ከተወለደው ሃምብልቶኒያን ነው፤ እሱም በ1876 እስኪሞት ድረስ ከ1,300 በላይ ውርንጭላዎች አስወልዷል። በ1879 የአርቢዎች ማኅበር ለመዝገቡ አንድ መለኪያ አወጣ፦ አንድ ማይል በ2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ መሮጥ። «ስታንዳርድ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ መለኪያ ነው። በጁላይ 2022 ቡልዶግ ሃኖቨር የተባለው ፈረስ ያንኑ ማይል ከ1 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጨርሶታል።

ያገራችን ሰው ሰጋር በቅሎ ሲያደንቅ የሚያደንቀው እርምጃዋን ነው፤ ተቀማጩን ሳትንጥ ትሄዳለች። ከጋሪ እሽቅድድም ፈረሶች አንደኛው ወገን የዚያ እርምጃ የቅርብ ዘመድ አለው። የግራው የፊትና የኋላ እግር አብረው ይነሳሉ፣ ቀጥሎ የቀኞቹ። እነዚህን ሰጋሮች እንበላቸው፤ በሰሜን አሜሪካ የሚበዙት እነሱ ናቸው። ሁለተኛው ወገን በሶምሶማ የሚሮጠው ነው፤ እሱ የግራውን የፊት እግር ከቀኙ የኋላ እግር ጋር በሰያፍ ያነሳል። ሁለቱም ላይ የጸና አንድ ሕግ አለ፦ ግልቢያ አይፈቀድም። ፈረሱ እርምጃውን ሰብሮ ወደ ግልቢያ ከገባ ነጂው መልሶ ሊያበርደው ይገደዳል፤ በዚህ መሐል ሌሎቹ ያልፉታል። ይህ ሕግ የፈረሱን ጡረታ እንዴት እንደሚነካ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ስፖርቱን የሚመራው ዩናይትድ ስቴትስ ትሮቲንግ አሶሲዬሽን በ1939 ሥራ ጀመረ። በማግስቱ ዓመት በኒው ዮርክ አጠገብ ሩዝቬልት ሬስዌይ በሌሊት መብራትና በውርርድ ተከፈተ፤ በ1946 ደግሞ ፈረሶቹን አሰልፎ የሚያስነሳው በመኪና ላይ የተገጠመ በር መጣ። በ1960 በዚያ ሜዳ በአንድ ምሽት ከ50 ሺህ በላይ ሰው ተሰብስቧል። ዘመኑ ግን ተለወጠ፤ ተወራራጁ ወደ ካሲኖና ወደ ሎተሪ ሄደ፣ የከተማ ዳርቻ መሬት ተወደደ። ሩዝቬልት ሬስዌይ በ1988 ተዘጋ።

3. ማኅበራቱ ከመወለዳቸው በፊት

የጋሪ ፈረስ ሥራ ሲያበቃ ከጥንትም የሚሄድበት አንድ መንገድ ነበረው፦ ሌላ ጋሪ። በፔንሲልቬንያ፣ በኦሃዮና በኢንዲያና የሚኖሩት የአሚሽ ማኅበረሰቦች በእምነታቸው ምክንያት የራሳቸውን መኪና አይይዙም፤ ቤተሰብ ወደ ጸሎትም ሆነ ወደ ገበያ የሚሄደው በፈረስ ጋሪ ነው። ልጓምና ጋሪ የለመደ፣ ከሰው ጋር ያደገ፣ የማይደክም ፈረስ ይፈልጋሉ፤ ከሜዳ የወጣ ስታንዳርድብሬድ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ብዙ ፈረስ በዚህ መንገድ ዓመታት ጨምሯል። ነገር ግን አስፋልት ጉልበት ይበላል። ፈረሱ ሲያነክስ እንደገና ይሸጣል፤ ያን ጊዜ ዕድሜው ገፍቷል፣ የሚገዛውም ሰው ጥቂት ነው።

ቀሪው መንገድ ጨረታ ነው። በፔንሲልቬንያ ላንካስተር ካውንቲ እንደሚገኘው የኒው ሆላንድ ጨረታ ባሉ ቦታዎች የእርሻ ፈረስ፣ የልጆች ድንክ ፈረስና የትናንት ሯጭ በአንድ በረት ይቆማሉ። ከገዢዎቹ መካከል ፈረስን በክብደቱ የሚገምት የሥጋ ነጋዴም አለ። ለረጅም ጊዜ ፈረሱንና ይህን ነጋዴ የሚለያቸው ነገር ቢኖር የአንድ ሰው ርኅራኄ ነበር፦ ፈረሱን የወደደ ባልደራስ፣ ግቢ ያላት የአሠልጣኝ ሚስት፣ ሰፊ መስክ ያለው ጎረቤት። እንዲህ ያለ በጎነት መዝገብ የለውም፤ ያ ሰው ሲታመም ወይም ሲሞት ፈረሱም አብሮ ሜዳ ላይ ይወድቃል። ተቋም ያስፈለገው ለዚህ ነው።

4. ምሥረታ

መንገዱን የጠረጉት ሰው የሚቀመጥባቸውን የቶሮብሬድ ፈረሶች የሚረዱ ሰዎች ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው ቶሮብሬድ ሪታየርመንት ፋውንዴሽን በኒው ዮርክ ግዛት ዎልኪል ማረሚያ ቤት ከአስተዳደሩ ጋር ተስማምቶ ጡረተኛ ፈረሶችን ታራሚዎች እንዲንከባከቧቸው አደረገ። ታራሚው ሙያ ይማራል፣ ፈረሱም መስክ ያገኛል።

የጋሪ ፈረሶች የራሳቸውን ማኅበር ያገኙት በ1989 ነው። ስታንዳርድብሬድ ሪታየርመንት ፋውንዴሽን በኒው ጀርሲ ተመሠረተ። በ1992 በኦሃዮ ኒው ቮኬሽንስ፣ በ1996 ደግሞ በካናዳ ኦንታሪዮ ስታንዳርድብሬድ አዶፕሽን ሶሳይቲ ተከተሉ። የሦስቱም ዓላማ አንድ ነው፤ የሁለቱ የአሜሪካ ማኅበራት አካሄድ ግን ይለያያል፤ ልዩነቱን ማወቅ ይህን የተቋም ዓይነት ለመረዳት ይጠቅማል።

የኒው ጀርሲው ማኅበር ትኩረት ክትትል ላይ ነው። ፈረሱን በጉዲፈቻ የወሰደ ሰው ውል ይፈርማል፤ ማኅበሩም ፈረሱን በሕይወት እስካለ ድረስ ይከታተለዋል፣ ጤንነቱን የሚገልጽ የሐኪም ሪፖርት በየጊዜው እንዲቀርብ ይጠይቃል። ወሳጁ መያዝ ካልቻለ ፈረሱ ወደ ማኅበሩ ይመለሳል። ኒው ቮኬሽንስ በበኩሉ ፈረሱ ጨረታ ከመድረሱ በፊት በቀጥታ ከአሠልጣኙ እጅ ይቀበላል፤ ያሳክማል፣ ያሠለጥናል፣ ቶሎ ለአዲስ ባለቤት ይሰጣል፣ ባዶ በሆነው ጋጣ ሌላ ያስገባል። ዛሬ ሁለቱንም ዝርያዎች ጨምሮ በዓመት ከ500 በላይ ፈረሶች በዚህ መንገድ ያልፋሉ። አንደኛው ማኅበር በፈረሱ ኋላ ሆኖ ዕድሜ ልክ ይጠብቃል፤ ሌላኛው ከፊት ቆሞ የጨረታውን መንገድ ይዘጋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አንዱን መርጦ ማቆየት ካስፈለገ ግን የክትትሉ ይበልጣል፤ በቀላሉ የተሰጠ ፈረስ በሁለተኛውና በሦስተኛው ባለቤት እጅ ላይ በቀላሉ ይጠፋል።

5. ከበሩ እስከ ኮርቻው

ፈረስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደረገው ማን መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ ብረት፣ በአንገቱ ቀኝ በኩል ከጋማው ሥር ምልክት ታትሞበታል፤ ቅዝቃዜው የነካው ፀጉር ነጭ ሆኖ ይበቅላል። በጎ ፈቃደኛዋ ጋማውን ወደ ግራ ትገልጣለች። ክረምት ሆኖ ፀጉሩ ረዝሞ ከሆነ በውኃ ታርሰዋለች፤ ያም ካልበቃ ትላጨዋለች። ከዚያ ፊደሉንና ቁጥሩን በማስታወሻዋ ትጽፋለች። ቁጥሩ በአሶሲዬሽኑ መዝገብ ሲፈለግ የፈረሱ ስም፣ አባትና እናቱ፣ የሮጠበት ቀን ሁሉ ይወጣል። በቅርብ ዓመታት የተወለዱት ማይክሮቺፕ ይዘዋል። ጨረታ ላይ ቆሞ «ያ ቡላ ፈረስ» ይባል የነበረው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስም አለው፤ ስም ካለው ደግሞ ያረባውና በአንድ ወቅት ያሸነፈበት ሰው ሊፈለግ ይችላል። አሶሲዬሽኑ ፉል ሰርክል የሚል መርሐ ግብር አለው፦ አርቢ ወይም የቀድሞ ባለቤት «ይህ ፈረስ ቢቸገር ንገሩኝ» ብሎ ቀድሞ ይመዘገባል።

ቀጥሎ ሐኪሙ ይመጣል። ደሙ ለተላላፊ የደም ማነስ በሽታ ይመረመራል፣ ጥርሱና እግሩ ይታያል፣ ድንጉላ ከሆነ ይኮላሻል። ከዚያ ለሳምንታት እረፍት ነው። በውድድር ዘመኑ ኃይል የሚሰጠው አጃ ይበዛለት ነበር፤ አሁን አጃው ቀስ በቀስ ተቀንሶ ድርቆሹ ይበዛል። ከልምምድ ውጪ ቀኑን በጋጣ ያሳለፈ ፈረስ መስክ ሲለቀቅ መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። አጥሩን ተጠግቶ ወደ ጋጣው እያየ ይቆማል። አንድ ቀን ግን ይንከባለላል፤ ባልደራሶች ያቺን ቀን በጉጉት ይጠብቋታል።

ትምህርቱ ከሚያውቀው ይጀምራል፤ የሚያውቀውም ብዙ ነው። ጋሪ ከጀርባው ሲንኳኳ፣ ድምፅ ማጉያ ሲጮህ፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ አይደነግጥም። ይታጠባል፣ እግሩን ለብረት ጫማ ይሰጣል፣ በጭነት መኪና መሄድ ለምዷል። ዝርያው ለፖሊስ ፈረስነት የሚመረጠው በዚህ እርጋታው ነው። ኮርቻው ሲጫን ብዙም አይከብደውም፤ መጠፈር ለምዷል። እንግዳ የሚሆንበት ሰው ከላይ መቀመጡ ነው። ዕድሜውን ሁሉ የነጂው ድምፅ የመጣለት ከኋላው ነበር፤ አሁን ከጀርባው ላይ ይመጣል፣ ጎኑንም እግር ይነካዋል። የእግር መጫን ለእሱ ምንም ትርጉም የለውም። ስለዚህ አንድ ረዳት ረጅም ዛብ ይዞ እንደ ድሮው ከኋላ ይከተላል፤ «ሂድ» ሲል ተቀማጯ በዚያው ቅጽበት እግሯን ጠጋ ታደርጋለች። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ፈረሱ እግሯን ራሱን እንደ ቃል ይሰማዋል። ያን ጊዜ ረዳቱ ዛቡን ፈትቶ ከዳር ይቆማል።

ዛቡም የራሱ ጣጣ አለው። በሜዳው ነጂው ልጓሙን ጠበቅ ሲያደርግ ፈረሱ ተደግፎበት ይገሰግሳል። ጀማሪ ተቀማጭ ሊያቆመው ብሎ ሲጎትት ፈረሱ «ጨምር» የተባለ ይመስለዋል። ፈረሱን የሚወስድ ሰው የመጀመሪያ ትምህርቱ እጅ ማላላት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግልቢያ ነው። አትጋልብ እየተባለ ያደገ እንስሳ አሁን ጋልብ ይባላል። ሰጋሩ ላይ ደግሞ በውድድር ዘመኑ የአንዱን ጎን የፊትና የኋላ እግር የሚያያይዝ ጠፍር ይታሰርበት ነበርና ጡንቻው ራሱ ሌላ እርምጃ አያውቅም፤ ሲያጣድፉት ይሰግራል። አሠልጣኞች መሬት ላይ እንጨቶች በልክ ያጋድማሉ፤ ፈረሱ እነሱን ለመሻገር እግሮቹን ለየብቻ ማንሳት ይገደዳል። አቀበትም ይረዳል። ሜዳው ሁልጊዜ ወደ ግራ ስለሚዞር ቀኝ ጎኑ ደካማ ነው፤ ወደ ቀኝ በሰፊው እያዞሩ ያጠነክሩታል። አንዱ በሳምንታት ይይዘዋል፣ ሌላው ወራት ይፈጃል፣ ጨርሶ የማይጋልብም አለ። ጥሩ ማኅበር ይህን ለወሳጁ በግልጽ ይናገራል። በጫካ መንገድ ረጅም ጉዞ ለሚፈልግ ሰው የማይጋልብ ሰጋር ምንም አይጎድለውም፤ እንቅፋት መዝለል ለምትፈልግ ወጣት ግን እሱን መስጠት ሁለቱንም መበደል ነው።

6. ማን ይሠራል፣ ማን ይከፍላል

አብዛኞቹ ማኅበራት ለትርፍ ያልተቋቋሙ ናቸው፤ በቦርድ ይመራሉ፣ ደመወዝተኞቻቸው ጥቂት ናቸው። የቀረውን የሚሸከመው በጎ ፈቃደኛ ነው። አንዱ ግቢው ውስጥ ለሦስት ወር ፈረስ ያሳድራል፤ ሌላዋ ከሥራ በፊት ጋጣ ትጠርጋለች፤ የመኪና ተጎታች ያለው ፈረስ ከግዛት ግዛት ያደርሳል፤ ጡረታ የወጣ ሒሳብ ተቆጣጣሪ መዝገቡን ይይዛል። ሌሎች አዲስ ቤቶችን እየዞሩ አጥሩን፣ ውኃውንና የፈረሱን አቋም ያያሉ። ውሉ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ይከለክላል፦ መልሶ ማሽቀዳደም፣ ማርባትና ያለ ማኅበሩ ፈቃድ መሸጥ። ሠልጥነው የወጡት ችሎታቸውን የሚያሳዩበት መድረክም ተፈጥሯል፤ ስታንዳርድብሬድ ፕሌዠር ሆርስ ኦርጋናይዜሽን የተባለው ማኅበር ለዚህ ዝርያ ብቻ የኮርቻና የጋሪ ትርኢት በኒው ጀርሲ ያዘጋጃል።

ገንዘቡ ለረጅም ጊዜ የመጣው ከልገሳ፣ ከባዛርና ወሳጁ ከሚከፍለው መጠነኛ ክፍያ ነበር። ሦስት ድንጋጤዎች ይህ እንደማይበቃ አሳዩ።

በ2007 በአሜሪካ የቀሩት ሦስት የፈረስ ቄራዎች፣ ሁለቱ በቴክሳስ አንዱ በኢሊኖይ፣ ተዘጉ። እርዱ ግን አልቆመም፤ ፈረሶቹ ወደ ካናዳና ወደ ሜክሲኮ ረጅም መንገድ ይጓዙ ጀመር። በዓመቱ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ፣ ፈረስ መያዝ ያቃተው ሰው በዛ፣ የማኅበራቱ ጋጣዎች ሞሉ።

በማርች 2012 የኦንታሪዮ መንግሥት በእሽቅድድም ሜዳዎች ከሚገኙ የቁማር ማሽኖች ገቢ ለሜዳዎቹና ለፈረስ ሰዎች ድርሻ ይሰጥ የነበረውን መርሐ ግብር እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በዓመቱም ቆመ። የፈረስ ዋጋ ወደቀ፣ አርቢዎች ከሥራው ወጡ፣ የጉዲፈቻ ማኅበሩ ላይ የወደቀው ሸክም ከበደ። በጎ ፈቃደኞች በጀቱ ላይ ምንም ድምፅ አልነበራቸውም፤ የውሳኔው ውጤት ግን ያረፈው በእነሱ ግቢ ነው።

በኦክቶበር 2019 የአውስትራሊያ ኤቢሲ ቴሌቪዥን የቀድሞ የእሽቅድድም ፈረሶች በአንድ ቄራ ሲታረዱና ሲሠቃዩ የሚያሳይ ምርመራ አሰራጨ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ቄራው የሚገኝበት የኲንስላንድ ግዛት መንግሥት አጣሪ አቆመ። ከዚያ በኋላ በግዛቱ ለሁለቱም ዝርያዎች የሚያገለግል የመልሶ ማሠልጠኛ መርሐ ግብር ተቋቋመ፤ ወጪው ከሽልማት ገንዘብ 1 በመቶ እንዲሸፈን ተደረገ። በቪክቶሪያና በኒውዚላንድም የስፖርቱ አስተዳደሮች የራሳቸውን መርሐ ግብር ይመራሉ። በአሜሪካ ስታንዳርድብሬድ ትራንዚሽን አሊያንስ የተባለው አካል ማኅበራትን መዝኖ ዕውቅናና ድጎማ እንዲሰጥ ተቋቋመ።

ከሽልማቱ አንድ በመቶ ሲነሳ ትንሽ ይመስላል፤ ትክክለኛው ምንጭ ግን እሱ ነው። ፈረሱ ያስገኘው ገንዘብ ነውና የፈረሱን ጡረታ መክፈል ያለበት ያው ገንዘብ ነው። ከምጽዋት ወደ ግዴታ የተደረገው ይህ ሽግግር በዚህ ተቋም ታሪክ ትልቁ እርምጃ ነው።

7. ዛሬ

አንድ ክርክር አሁንም አልተፈታም። አንዳንድ ነጋዴዎች ከጨረታ የገዟቸውን ፈረሶች ፎቶ አንስተው «እስከ ዓርብ ካልተዋጀ ወደ ቄራ ይሄዳል» ብለው በማኅበራዊ መገናኛ ይለጥፋሉ፤ ሰውም አልቅሶ ያዋጣል። የኒው ጀርሲውን ጨምሮ እንዲህ ያሉትን ፈረሶች የሚያወጡ አሉ፤ ሌሎች ግን ነጋዴው በተከፈለው ገንዘብ ሌላ ፈረስ ይገዛበታል ብለው አይነኩትም። ፊት ለፊቱ የቆመውን ፈረስ ያየ ሰው ማለፍ እንደሚከብደው ግልጽ ነው። ሆኖም ያው ገንዘብ ከሜዳው በቀጥታ የሚመጣ ፈረስ ቢቀበልበት የበለጠ ያተርፋል፣ ነጋዴውንም አያበለጽግም።

በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። በ1949 የተከፈተው የሮዝክሮፍት የጋሪ እሽቅድድም ሜዳ በሜሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ ከቤታቸው ብዙ ሳይርቅ ነው። በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ለሚኖሩት ደግሞ የአሶሲዬሽኑ ዋና ጽሕፈት ቤት በከተማቸው ዳርቻ ይገኛል። በልጅነቱ ፈረስ ጠብቆ፣ በቅሎ ጭኖ ያደገ ሰው በሁለቱም ከተሞች አይጠፋም። ማኅበራቱ የሚፈልጉት ተቀማጭ ብቻ አይደለም። ውኃ የሚቀዳ፣ ድርቆሽ የሚያወርድ፣ ጋጣ የሚጠርግ፣ ተጎታች የሚነዳ፣ መዝገብ የሚይዝ ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት መስጠት የሚችል አንባቢ በአቅራቢያው ላለው ማኅበር ደውሎ በየትኛው ሳምንት ልምጣ ብሎ ይጠይቅ።